ሃምሳ ጊዜ ሊራዘም ትንሽ የቀረው ስብሰባ

አንድ ስብሰባ በአምስት ደቂቃ ተራዘመ። ምንም አይደል፣ ሰው ይዘገያል። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ እንደገና በአምስት ደቂቃ ተራዘመ። ከዚያም እንደገና። እንዲህ እየተባለ ያው ስብሰባ ሃምሳ ጊዜ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ተገፋ። ያራዘመው ሰው አይደለም። አንድን ሠራተኛ ወክሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ ቫይረስም አልገባበትም። የተማረውን ደንብ በትክክል እየፈጸመ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዛሬ ሁሉም ሰው ስለ ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰውን ወክሎ ስለሚሠራ ሶፍትዌር፣ ያወራል። ኢሜይል የሚመልስ፣ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ኮድ የሚያርም ኤጀንት በየቢሮው እየገባ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ራሱ ይወስን ወይስ እኛን ይጠይቅ? ጥያቄው ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎደሎነቱን ደግሞ ከሃያ ምናምን ዓመታት በፊት በገዛ ሥራቸው ላይ ያዩ ሰዎች አሉ። ያዩትንም ሳይደብቁ ጽፈውታል። ለዚህም ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ማሪና ዴል ሬይ ነው። እዚያ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ኢንስቲትዩት አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች አንድ ሥርዓት ሠሩና በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ስሙን ኤሌክትሪክ ኤልቭስ አሉት። ኤልፍ በአውሮፓ ተረት ውስጥ የቤቱ ባለቤት ሲተኛ ሥራውን ሠርቶለት የሚያድር ትንሽ ፍጡር ነው። ከጁን 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2000፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ ሌትም ቀንም ሠራ። ከሰዎቹ መካከል ሚሊንድ ታምቤ፣ ዴቪድ ፒናዳት እና ፖል ሼሪ ነበሩበት፤ ሌሎችም ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተመራማሪ ፍራይዴይ የሚባል የራሱ ወኪል አለው። ወኪሉ የባለቤቱን የቀን መቁጠሪያ ያያል። ባለቤቱ የት እንዳለ ይከታተላል። ለስብሰባ የማይደርስ ከመሰለው ለሌሎቹ ሰዎች ወኪሎች ያሳውቃል፣ ቀጠሮውን ያራዝማል ወይም ይሰርዛል። በሳምንታዊው የምርምር ስብሰባ ማን ያቅርብ የሚለውንም ወኪሎቹ እርስ በርስ ይጨርሱታል። ምሳ እስከ ማዘዝ ድረስ ይሄዳሉ። በዚያ ዘመን ስማርት ፎን የሚባል ነገር ገና ስላልተለመደ፣ ሰዎቹ ፓልም የሚባለውን የእጅ ኮምፒውተር ጂፒኤስ አስገጥመው ይዞሩ ነበር። ከአንድ ወር በፊት፣ በሜይ 2000 መጀመሪያ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን አቁሟል። የሰውን ቦታ በኪስ ዕቃ መከታተል ያኔ ትኩስ ነገር ነበር።

ሥራው ከባድ አይመስልም። ቀጠሮ ማራዘም ምን ይከብዳል?

እስቲ ነገሩን ወደምናውቀው ላምጣው። ውክልና ለእኛ አዲስ አይደለም። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ መኪናውን እንዲሸጥለት ውክልና ይልካል እንበል። ወረቀቱ ላይ "ይሸጥ" ይላል። ገዢ ተገኘ። ዋጋው ግን ከተባለው ትንሽ ወረደ። ወንድም ስልክ ያነሳል። እዚህ ረፋድ 4 ሰዓት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ገዢው ተቀምጧል። ደላላው ሰዓቱን ያያል። አሁን ወንድም ምን ያድርግ? ራሱ ወስኖ ቢሸጥ ነገ "ማን በዚህ ዋጋ ሽጥ አለህ?" ይባላል። እስኪነጋ ቢጠብቅ ገዢው ይሄዳል። ብልህ ወንድም ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋል። ሻይ ያዛል፣ "ከሰዓት እንገናኝ" ብሎ ጊዜ ይገዛል፣ ቀብድ ይቀበላል።

ይህ የሻይ ነገር ትንሽ ቢመስልም የጉዳዩ ልብ እሱ ነው። እመለስበታለሁ።

ባለሙያዎቹ ይህን ጉዳይ "የሚስተካከል ራስ ገዝነት" ይሉታል። ወኪሉ አንዳንዴ ራሱ ይወስናል፣ አንዳንዴ ለሰው ያስረክባል፤ ልኩ እንደ ሁኔታው ይቀያየራል። እነ ታምቤ መጀመሪያ የመረጡት መንገድ ወኪሉ ከባለቤቱ እንዲማር ማድረግ ነው። ሲ4.5 የሚባል የታወቀ የመማሪያ ስልት ተጠቀሙ። ሮስ ኩዊንላን የሠራው ነው። ከብዙ ምሳሌ ተነስቶ "እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ" የሚል የውሳኔ ዛፍ ይገነባል። ባለቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ወኪሉን ያሠለጥነዋል። ወኪሉ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ይመልሳል። በዚያ ላይ "እንዲህ ያለውን ነገር ራስህ ወስን" ወይም "እኔን ጠይቅ" ብሎ ያስተምረዋል። ከወጡት ደንቦች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ስብሰባው የሁለት ሰው ከሆነ፣ አንዱ አስፈላጊ ሰው ከሆነ፣ ባለቤቱም በስብሰባው ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ ስብሰባውን በ15 ደቂቃ አራዝም።

ጥሩ ደንብ ነው። ማንም ጸሐፊ የሚያደርገው ነው።

ባለቤቱ ሲጠየቅ ዝም ቢልስ? ለዚህም የጊዜ ገደብ አበጁ። ገደቡ ካለፈ ወኪሉ የመሰለውን ያደርጋል። ካልሆነማ ሌሎቹ ሰዎች መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይዘው ተቀምጠው ሊቀሩ ነው። ይህም ሲያዩት ትክክል ነው። እኔ ብሆን እንደዚሁ አደርግ ነበር።

ከዚያ ስህተቶቹ መጡ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አራቱን ለይተው ጽፈዋል።

አንደኛው፣ አንድ ወኪል ባለቤቱ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር የነበረውን ስብሰባ ሰረዘ። ማንንም አልጠየቀም። ከጥቂት ምሳሌዎች ተነስቶ ደንቡን አለቅጥ አሰፋውና "ይሄ የሚሰረዝ ዓይነት ነው" አለ። ሁለተኛው፣ የፒናዳት ወኪል የቡድኑን ሳምንታዊ የምርምር ስብሰባ ሰረዘ። ጠይቆ ነበር፤ ፒናዳት አልመለሱም፤ ገደቡ አለፈ፤ ወኪሉ ወሰነ። ሦስተኛው፣ የታምቤ ወኪል ታምቤን ለገለጻ በፈቃደኝነት አስመዘገባቸው። እሳቸው ደግሞ ማቅረብ አልፈለጉም ነበር። እዚህም ገደብ አልፏል፣ እዚህም ጥቂት ምሳሌ ብዙ ተደርጎ ተወስዷል። አራተኛው መጀመሪያ የነገርኳችሁ ነው።

በዚህ በአራተኛው ላይ ቆም ልበል። ብዙ የሚያስተምረው እሱ ይመስለኛል።

ሦስቱ ስህተቶች የምናውቃቸው ዓይነት ናቸው። ወኪሉ በደንብ አልተማረም፣ ተሳሳተ፣ ባለቤቱን አስቸገረ። "ብዙ ዳታ ስጡት" ብሎ ማለፍ ይቻላል። አራተኛው ግን ሌላ ነው። ደንቡ ስህተት የለበትም። ባለቤቱ ገና አልደረሰም፣ ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ ስለዚህ አምስት ደቂቃ አራዝም። አንዴ ከታየ ውሳኔው ልክ ነው። ሁለቴም ልክ ነው። ሃያ ሰባተኛው ላይ ሲታይም፣ ብቻውን ከታየ፣ ልክ ነው። ወኪሉ እያንዳንዷን አምስት ደቂቃ እንደ መጀመሪያዋ ነው የሚያያት። ከኋላው የተከማቸውን አያይም።

አሁን ወደ ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች ዙሩ። አምስት ደቂቃ ሃምሳ ጊዜ 250 ደቂቃ ነው። አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ደግሞ ክፉ ጊዜ ናት። ሥራ ለመጀመር ታጥራለች፣ ለመቀመጥ ትረዝማለች። አራት ሰዓት ቢባሉ ሰዎች ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። አምስት ደቂቃ ሲባሉ ወረቀታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። መልእክቱ በመጣ ቁጥር ተስፋው ይታደሳል፣ በመጣ ቁጥር ይሰበራል። በረኛው "አሁን ይመጣሉ፣ ትንሽ ይጠብቁ" እያለ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያዋለው ሰው ይህን ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ጥያቄው ጎደሎ ነው ያልኩት። "ራሱ ይወስን ወይስ ባለቤቱን ይጠይቅ" ስንል ዓይናችን ሁለቱ ላይ ብቻ ነው፣ ወኪሉና ባለቤቱ ላይ። ብዙ ወኪሎች አብረው በሚሠሩበት ቦታ ግን ሦስተኛ ወገን አለ። ወኪሉ ጠይቆ ዝም ሲል፣ ያ ዝምታ ለባለቤቱ ትህትና ነው፤ ለሌሎቹ ግን የሚከፈል ጊዜ ነው። ቸኩሎ ቢወስንም፣ ዘግይቶ ቢወስንም፣ ደጋግሞ ቢያራዝምም ሂሳቡ የሚወጣው ከእነሱ ኪስ ነው። የውሳኔው ዛፍ ውስጥ ደግሞ ለእነሱ ድካም የተተወ ቦታ አልነበረም።

እነ ታምቤ ይህን አዩና መሠረቱን ቀየሩ። ቁጥጥርን አንዴ ሰጥቶ መገላገል የሚባለውን ነገር ተዉት። ቁጥጥር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበትን ሙሉ መንገድ አስቀድሞ የሚያስብ ወኪል ሠሩ። መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃል። ይህን ያህል ጊዜ ይጠብቃል። መልስ ከሌለ ለቡድኑ ጊዜ ይገዛል። እንደገና ይጠይቃል። በመጨረሻ ራሱ ይወስናል። ወይም ቅደም ተከተሉ ሌላ ይሆናል። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚያሰላው ማርኮቭ የውሳኔ ሂደት በሚባል የሂሳብ ስልት ነው።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡን ገበጣ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ከጉድጓድ ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ይቆጥራል። ከዚያ ተቃራኒው ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ ከዚያ ደግሞ እሱ ምን እንደሚያደርግ ያስባል። አዲሱ ፍራይዴይም እንደዚሁ ነው። "አሁን ምን ላድርግ" ብቻ አይልም። "አሁን ባራዝም ከ15 ደቂቃ በኋላ የት እሆናለሁ?" ይላል። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ፊት ካለ ቶሎ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ውጭ ከሆነ ዝቅ ይላል። ይህም ይቆጠራል። ባለቤቱን መነዝነዝ ዋጋ አለው። ሰዎችን ማስጠበቅ ዋጋ አለው። ማራዘም ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር ይጨምራል።

የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ። ሁለተኛው ማራዘሚያ ከመጀመሪያው ይወደዳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ሃምሳኛው ጋ ሊደረስ የሚችልበት መንገድ እዚያው ተዘጋ። "ከሁለት ጊዜ በላይ አታራዝም" የሚል ክልከላ መጻፍ ሳያስፈልግ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ በአሳብ ላሳያችሁ። ስብሰባ አለ፤ ባለቤቱ መኪና ውስጥ ነው። ፍራይዴይ በእጅ ኮምፒውተሩ ጥያቄ ይልካል፦ ትደርሳለህ ወይ? መልስ የለም። ሰዓቱ ሲቃረብ የመጠበቅ ዋጋ ይጨምራል፤ ሰዎች ከየቢሯቸው መነሳት ጀምረዋልና። ያኔ ስብሰባውን በ15 ደቂቃ ገፍቶ ለሁሉም ያሳውቃል። ይህ ማራዘም የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ባለቤቱ እንዲመልስ የተገዛ ጊዜ ነው። ወንድምዬው ያዘዘው ሻይ ማለት ይህ ነው። ባለቤቱ ከመለሰ በቃ፣ ቁጥጥሩ ወደ እሱ ተመልሷል። ካልመለሰ ደግሞ አሁን ማራዘም ውድ ሆኗል። ስለዚህ ፍራይዴይ "እሱ አይደርስም፣ ያለ እሱ ቀጥሉ" ይላል። ባለቤቱ ሲደርስ ቅር ሊለው ይችላል። ሌሎቹ ግን ሥራቸውን ሠርተዋል።

በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ውሳኔው ስንት ጊዜ እጅ እንደቀየረ አያችሁ? ከወኪል ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ወኪል፣ እንደገና ወደ ሰው። በፊት የነበረው አሠራር ገደቡ አልፎ ውሳኔውን አንዴ ከወሰደ ለባለቤቱ አይመልስም። ልዩነቱ ከሂሳቡ ይልቅ እዚህ ላይ ይጎላል ብዬ አስባለሁ።

ሂሳቡ ብቻውን ግን ሰውን አያሳምንም። አለቃው ጋር ያለው ቀጠሮ አንዴ የተሰረዘበት ሰው "አሁን የምንጠቀመው የተሻለ ቀመር ነው" ቢሉት እንቅልፍ አይወስደውም። ፒናዳትና ታምቤ በ2001 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሌላ ነገር ጨመሩ። ባለቤቱ ራሱ ወሰን ያበጃል። "ይህን ስብሰባ እኔን ሳትጠይቅ እንዳትሰርዝ" ካለ፣ ቀመሩ መሰረዝ ይሻላል ቢል እንኳ ወኪሉ አይሰርዝም። ውክልና ወረቀት ላይ "መሸጥ ይችላል፣ በስጦታ ማስተላለፍ ግን አይችልም" ተብሎ እንደሚጻፈው ነው። በእኔ ዓይን ከሥራው ሁሉ ለተጠቃሚ የሚቀርበው ይህ ነው። ሰው እምነት የሚጥለው ወሰኑን ራሱ ባበጀው ነገር ላይ ነው።

ስለ ግላዊነትም አንድ ነገር ልበል። ሥርዓቱ እንዲሠራ ወኪሉ የባለቤቱን ቦታ ማወቅ አለበት። የወኪሎቹ መነጋገር ደግሞ አንዱ ስለሌላው እንዲያውቅ ያደርጋል። ቢሮ ውስጥ ማን የት እንዳለ ሁሉም ሲያውቅ ነገር ይለወጣል። ደርዘን ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ወኪሎች፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁና አብረው በሚሠሩ ሰዎች መካከል እንኳ፣ ይህን ጥያቄ አነሱ። ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ምን እንደተሳሳተ ቁጭ ብለው ሲጽፉ ከዋናዎቹ ትምህርቶች መካከል ግላዊነትንና የቢሮ ወግን አስገብተዋል። እነሱ በገዛ ፈቃዳቸው የገቡበት ሙከራ ነበር። አለቃ ለሠራተኛ "ይህን ያዝ" ቢልስ? እዚያ ላይ የሠራተኛው እሺታ ምን ያህል እሺታ ነው?

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ኤጀንቶች ስመጣ ያው ሁለት ጫፍ ይታየኛል። አንዱ በየደቂቃው "ልቀጥል?" ይላል። ሰው ሰልችቶት ሳያነብ "እሺ" ይጫናል። ያ እሺታ ከዝምታ አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ኃላፊነቱ በወረቀት ወደ ሰውዬው ዞሯል። ሌላው ደግሞ ሙሉ ነጻነት ተሰጥቶት ፋይል ያጠፋል፣ መልእክት ይልካል። ሁለቱም ጋ ወኪሉ የሚያየው ባለቤቱን ብቻ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ሰው፣ ፋይሉን የሚጠብቀው ባልደረባ፣ የሌላው ኤጀንት ባለቤት ስሌቱ ውስጥ የሉም። ኤጀንት የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ወኪላችሁ ጠይቆ ዝም በሚልበት በዚያ ክፍተት ውስጥ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቅ በስም ጻፉት። ከዚያ ጊዜ የሚገዛበት መንገድ ስጡት። መጠየቅና መወሰን ብቻ ያለው ወኪል ሻይ ማዘዝ የማያውቅ ወንድም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አእምሮዬ የሚመለሰው ወደዚያች የመጀመሪያ ደንብ ነው፤ ወደ 15 ደቂቃዋ። "አንዱ አስፈላጊ ሰው ከሆነ" ትላለች። ሲ4.5 አስፈላጊ ሰው ማን እንደሆነ ከራሱ አያውቅም፤ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። አዲሱ ቀመርም ከዚህ አላመለጠም። ሰዎችን የማስጠበቅ ዋጋ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የሚያስገባ ሰው አለ። የክፍል ኃላፊ የሚጠብቃት ደቂቃና ገና የገባ ተማሪ የሚጠብቃት ደቂቃ እኩል ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ? ይህን ሒሳቡ አይመልስም። ተማሪውም ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።